ሽማግሌ ተልከን ሣጥን ቸንክረን

«ለሲአልቱይ መንደር ነዋሪዎች በሙሉ። ነገ ጠዋት የቧንቧ ውሃ ይለቀቃል። ለአንድ ቤት የተፈቀደው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው። ሦስተኛ ጀሪካን በሽርጥ ሸፍኖ መሰለፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ባለፈው ሳምንት ይህን ያደረገችው ሴት ራሷን ታውቃለች። የሰማችሁ ላልሰሙት አሰሙ።»

ራሷን የምታውቀው ሴት ባለቤቴ ናት። ማስታወቂያውን የማነበው ደግሞ እኔ ነኝ። ፑ ንጉራ ይሉኛል፤ እኛ ዘንድ «ፑ» እንደ አቶ፣ «ፒ» እንደ ወይዘሮ ነው። በዚህ ተራራ አናት ላይ ሰው ሲሞት፣ አሳማ ሲጠፋ፣ ክትባት ሲመጣ በድምፅ ማጉያ ስናገር አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። «ንጉራ አፉ አይያዝም» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ተይዟል። የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ከውሃው ቀጥዬ ያነበብኩት ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «ፑ ሳቩንጋ፣ ባለቤታቸው ፒ ኩንጊ፣ መምህርት ልጃቸው ዙአሊና ሁለቱ መንታዎች በመጪው እሑድ እጅ ተጭኖባቸው ለወንጌል ሥራ ወደ ራጃስታን ይሰናበታሉ።»

ሳቩንጋ ሃያ አምስት ዓመት የደን ጠባቂ ሆኖ ሠርቷል። ከዛፍ ጋር ብዙ የኖረ ሰው ስለሆነ ዛፍ ወደሌለበት በረሃ ጥሪ መጣልኝ ሲል ሁላችንም አመንነው። ሰው የሚልከው የቤተ ክርስቲያናችን የወንጌል ቦርድም አመነው። ብቻ የቦርዱ ደብዳቤ «በዚያ ትንሽ ትምህርት ቤት ስላለን አስተማሪ ያለበት ቤተሰብ እንመርጣለን» ይላል። ሳቩንጋ ቤት ያለችው አስተማሪ ዙአሊ ናት። ጥሪው የአባት፣ ዲግሪው የልጅ ነበር ማለት ነው። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ ግን የለም።

እኛ ዘንድ ሴቶች ሩዝ በጣዱ ቁጥር፣ ድስት ውስጥ ሳይገባ በፊት አንድ እፍኝ ዘግነው ለወንጌል ሥራ ያስቀምጣሉ። የሚላኩት ሰዎች የሚኖሩት በዚያ እፍኝ ሩዝ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው በተነገረ ማግስት እያንዳንዱ ቤት በሳቩንጋ ቤተሰብ ላይ ድርሻ ያለው ያህል ተሰማው። ባለቤቴ እንኳ ዙአሊን መንገድ ላይ ስታያት በእሷ እፍኝ የምትሄድ ይመስል ከላይ እስከ ታች ታያት ጀመር።

ሬማ የመጣው በዚያው ማክሰኞ ከሰዓት ነው።

ሬማ ከመንደራችን ወደ ዋናው ከተማ ወደ አይዛውል የሚመላለሰውን ጂፕ የሚነዳ ልጅ ነው። ዙአሊ ለትምህርት ስትመላለስ ሁለት ዓመት ሙሉ የፊት ወንበሩን ለማንም አልሰጠም። ሰው ሲጠይቀው «ተይዟል» ይላል። ባዶ ሆኖም ተይዟል። ይህን ተሳፋሪ ሁሉ ያውቃል፤ ሳቩንጋ ብቻ አያውቅም እንል ነበር።

«ፑ ንጉራ፣ ሥራ ላይ ነዎት?» አለኝ በበሩ ቆሞ።

«የጠፋች ፍየል አለች። ቀለሟን ረስተውት ነው የነገሩኝ። ምነው?»

«አንድ መልእክት ነበረኝ።»

«ጻፈውና አነበዋለሁ።»

«በድምፅ ማጉያ የሚነገር አይደለም።» እጆቹን አየ። ግሪሱን በሳሙና ፈግፍጎ አጥቧቸው ነበር፤ ጥፍሮቹ ሥር ብቻ ቀርቷል። «ሽማግሌ ይሁኑልኝ። እርስዎና ፑ ቢአካ።»

«ለማን?» አልኩት። የሚያውቁትን ነገር መጠየቅ የሽማግሌ የመጀመሪያ ሥራ ነው።

«እንዴ፣ ፑ ንጉራ።»

«እሺ፣ እሺ። እሷስ ምን ትላለች?»

«'እኔ ከራሴ አልጀምርም' ትላለች። 'አባቴ ተጠይቆ ልጄ ምን ትያለሽ ካለኝ፣ እቀራለሁ እለዋለሁ። ሳይጠይቀኝ ግን ጥሪ ያለው ሰው ፊት ቆሜ እኔ ባል እፈልጋለሁ አልልም' ነው ያለችኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሑድ እጅ ከተጫነባት በኋላ መጠየቅ ከእግዚአብሔር እጅ መንጠቅ ነው። እስከ እሑድ ግን የአባቷ ናት። አባትን መጠየቅ ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል።»

«ሹፌር ነው ይሉኝ ይሆናል።»

«ነህ እኮ።»

ሳቀ። ከዚያ ያን የታጠበ እጁን ዘረጋልኝና በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ከመንደሩ ሰው ሁሉ መርጦ እኔ ጋ መምጣቱ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

*

ረቡዕ ጠዋት እኔና ቢአካ ኮት ለብሰን ሄድን። ቢአካ አናጢ ነው፤ ንግግሩ አጭር፣ ኮቱ ረጅም ነው። በወጋችን ሽማግሌ ዋናውን ጉዳይ ከሁለተኛው ሻይ በፊት አያነሳም። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ ስለ መንገዱ፣ ከዚያ ስለ አሳማ ይወራል። ምን እግር ጣላችሁ ሲባል «እንዲያው ነው» ይባላል። ሦስት ጊዜ እንዲያው ነው ካሉ የቤቱ ባለቤት ነገሩ ይገባዋል።

መንገድ ላይ ቢአካን «ዋናውን እኔ እናገራለሁ» አልኩት።

«ማን ከለከለህ» አለኝ።

ግቢው ስንደርስ አስራ አንድ ክፍት ሣጥን ተደርድሯል። ፒ ኩንጊ ድስት በጨርቅ ትጠቀልላለች። መንታዎቹ አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተው ባቡር ይጫወታሉ። ሳቩንጋ መዶሻ ይዞ አንድ ሚስማር ወደ ጎን እያጎበጠ ይመታል።

«ግቡ፣ ግቡ። ምን እግር ጣላችሁ?»

«እንዲያው ነው» አልኩ።

ሳቩንጋ ኮታችንን አየ። «በዚህ ሙቀት በኮት?»

«ጠዋት ትንሽ ይበርዳል» አልኩ። ወሩ ሰው ማታ ውጭ የሚተኛበት ወር ነበር።

ሌላ ሚስማር አጎበጠ። እኔ ሁለተኛውን «እንዲያው ነው» ላወጣ አፌን ስከፍት ቢአካ ቀደመኝ። አናጢ ሰው የተጣመመ ሚስማር ሲያይ የሚሰማውን እኔ አላውቀውም፤ ፊቱ ላይ ግን አይቼዋለሁ።

«ልናግዛችሁ ነው የመጣነው» አለ።

ሳቩንጋ ቀና ብሎ ለአፍታ አየን። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለና መዶሻውን ለቢአካ፣ ገመዱን ለእኔ ሰጠን።

እስቲ አስቡት። የሰው ቤት ተጭኖ ሊሄድ፣ ሴቶች እየተሸከሙ፣ «ኧረ እኛስ ለሥራ አይደለም የመጣነው» ተብሎ ይቀመጣል? የትኛው የመንደራችን ሰው ይህን ለማለት አፉ ይደፍራል? ኮታችንን አውልቀን ሚስማር ላይ ሰቀልን።

ዙአሊ ከቤት ወጣች። የበዓል ቀን የምትለብሰውን ባለ ጥለት ሽርጥ ታጥቃለች፤ ፀጉሯ ገና ከውሃ ወጥቶ ተበጥሯል። ሻይ ይዛ፣ ከጎኑ ጥቁር የሸንኮራ ስኳር በትንሽ በትንሹ ተሰብሮ። ጽዋውን ፊቴ አስቀመጠችና አልሄደችም። ዓይኗ መጀመሪያ ፊቴ ላይ፣ ቀጥሎ እጄ ላይ ያለው ገመድ ላይ አረፈ።

«ሻዩ ጥሩ ነው» አልኳት።

«አልቀመሱትም እኮ፣ ፑ ንጉራ።»

ቀመስኩት። ጥሩ ነበር።

ቀኑን ሙሉ የመዶሻው ድምፅ ባቆመ ቁጥር በሩ ላይ ብቅ ትላለች። ድምፁ ሲቀጥል ትመለሳለች። ሁለተኛ ሻይ መጣ። ቢአካ ጽዋውን በግራ እጁ ይዞ በቀኙ መታ። ሳቩንጋ ያለማቋረጥ አወራ፤ ስለ ራጃስታን ሙቀት፣ ስለ ባቡሩ፣ ግመል እንዴት እንደሚቀመጥ። እንዲያ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ቃል የምናስገባበት ቀዳዳ አልሰጠንም፤ እኛም አላስቸገርነውም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዙአሊ እንደገና ወጣች። የበዓሉን ሽርጥ አውልቃ የሥራ ልብሷን ለብሳለች። መጥታ የመጨረሻውን ሣጥን ክዳን በሁለት እጇ ጫን አድርጋ ያዘች።

«ፑ ቢአካ፣ እዚህኛው ላይ ሚስማር ይጨምሩልኝ» አለች። «መጻሕፍቴ ናቸው። መንገድ ላይ እንዳይበተኑ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

*

ሬማ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ የጂፑን ኮፈን ከፍቶ ምንም ያልሆነ ሞተር እየጠገነ ይጠብቀናል። ኮታችንን ትከሻችን ላይ ጥለን፣ እጃችን በገመድ ተልጦ ስንመጣ አየን።

«እ?» አለ።

«አልሆነም» አልኩት።

አልተመቸንም፣ ሳንጠይቅ ቀረን ማለቴ ነበር። ቃሉ ግን ሁለት በር አለው፤ እሱ በሌላኛው ገባ። ፊቱ እንደታጠበ ሰሌዳ ባዶ ሆነ።

«ምክንያቱን አልጠይቅም» አለ። «ሰው እምቢ የማለት መብት አለው።»

እዚህ ላይ ነበር ማንም እምቢ አላለም ማለት የነበረብኝ። ታዲያ ምን አደረጋችሁ ቢለኝስ? አስራ አንድ ሣጥን ቸነከርን ልበለው? ነገ ተመልሼ ነገሩን አስተካክላለሁ፣ ስህተቱን ሳያውቀው ይቀራል ብዬ አሰብኩ። ቢአካ ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ኮፈኑ ማጠፊያ አንድ ነገር ተናገረ።

ሐሙስ ሄድን፤ የሴቶች ማኅበር ቤቱን ሞልቶታል። ዓርብ ወጣቶቹ እየዘመሩ ነበር። በሁለቱም ቀን ግቢው በር ላይ ደርሰን፣ ሰው በዝቷል ተባብለን፣ በመብዛቱም ሁለታችን ቀለል ብሎን ተመለስን።

ሬማ ሐሙስ ማለዳ ለጉዞ ሲነሳ ለዙአሊ እንዳደርስ አንድ ደብዳቤ ሰጥቶኝ ነበር። አልታሸገም። አላነበብኩትም፤ ዓይኔ ነው ያለፈበት።

«ዙአሊ፣ መልሱን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። እስከ ሲልቻር ባቡር ጣቢያ የሚያደርሳችሁ መኪና እንዳልተገኘ ሰማሁ፤ እኔ አደርሳችኋለሁ፤ ክፍያ እንዳታነሱብኝ። የፊት ወንበሩ ለአባትሽ ይሁን። ሬማ።»

ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ዋለ አደረ። ቅዳሜ ውሃው እንደገና ሲለቀቅ ቧንቧው ጋ አገኘኋትና ሰጠኋት። ጀሪካኗን ሥሩ አድርጋ ቆማ አነበበችው። አንዴ አነበበችው፤ መልሳም አነበበችው።

«የምን መልስ ነው የሰማው?»

«ምናልባት... ማክሰኞ ያነበብኩትን ማስታወቂያ ይሆናል።»

«ማስታወቂያውንማ ከሱ ጋር ሆነን ነው የሰማነው።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ፑ ንጉራ፣ ረቡዕ ቤታችን የመጣችሁት ልታግዙን ብቻ ነው?»

ከኋላዋ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ባለቤቴም አለችበት። እነዚያ ሁሉ እፍኞች እያዩኝ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ልናግዛችሁ።»

«ኮት ለብሳችሁ።»

«ብርድ ነበር።»

የቤት ሥራዬን ውሃ ወሰደብኝ ያለ ተማሪ ፊቷ የቆመ ይመስል ራሷን ቀስ ብላ ነቀነቀች።

«እንደው ሽማግሌ ቢላክ ኖሮ ብዬ ነው» አለች፣ ለእኔ ሳይሆን ለውሃው። «መጠየቁን ብቻ ነበር የፈለግኩት። ከተጠየቅኩ በኋላ እኮ መሄድም እችል ይሆናል። ሳይፈልጉኝ መሄድ ነው ያቃተኝ።»

ጀሪካኗ ሞልቶ እግሯ ላይ ይፈሳል። አላየችውም። እኔ አይቻለሁ፤ እሱንም አልነገርኳትም።

«ለመኪናው አመሰግናለሁ በሉልኝ» አለችና ጀሪካኑን አንስታ ሄደች። የተሰለፉት ሴቶች ተራቸውን ተረከቡ። ባለቤቴ ስታልፈኝ «አንተ ሰውዬ፣ ምነው ላብ አጠመቀህ?» አለችኝ። ሙቀት ነው አልኳት። በዚያ ሳምንት ስለ አየሩ ያልኩት አንድ እውነት ይኸው ነበር።

እሑድ ፓስተሩ እጁን በአምስቱም ራስ ላይ በተራ ጫነ። የዙአሊ ራስ ላይ ሲደርስ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ተነስቶ ወጣ። ዞሬ አላየሁም። የጂፑ ሞተር ሲነሳ ሰማሁና ዝማሬውን ከፍ አድርጌ ዘመርኩ።

*

ማክሰኞ ማለዳ መንደሩ በሙሉ ሳቩንጋ ግቢ ነበር። አስራ አንዱ ሣጥን ጂፑ ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ሬማ ገመዱን ያጠብቃል፤ ዙአሊ ከታች የመንታዎቹን ቦርሳ ትቆልፋለች። በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም፤ ሁለቱም ግን ሥራቸውን ነው የሚያዩት። ገመዱ ሲወርድላት ጫፉን ይዛ ቀለበቱ ውስጥ ሰካችለት። «አመሰግናለሁ» አለ። «ምንም አይደል» አለች። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ የተነጋገሩት ያን ያህል ነው።

ሌላው ሰው ሁሉ ደህና ነበር። ፒ ኩንጊ ለጠየቃት ሁሉ «ኧረ እኔ ሙቀት ነፍሴ ነው» ትላለች፤ ሃያ ሰባት ዓመት ጎረቤቴ ሆና ከጥላ ወጥታ አይቻት አላውቅም። ቢአካ የሚስማሮቹን ጥንካሬ ለማንም ያስረዳል። ሳቩንጋ ይስቃል። ትልቅ፣ ከሩቅ የሚሰማ ሳቅ ነው፤ ከየት እንዳመጣው እንጃ።

«እንግዲህ ሁላችንም በየአፋችን እንጸልይ» አለ ፓስተሩ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሲባል ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ጊዜ፣ ጮክ ብሎ፣ የየራሱን ይጸልያል። መቶ ሰው መቶ ነገር ይናገራል፤ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይመስል ማንም ማንንም አይሰማም። ሌላ ጊዜ አፋችን የማይደፍረውን የምንናገረው ያኔ ነው። ጩኸቱ ረገብ ረገብ ብሎ የመጨረሻው ሰው ሲያበቃ ፓስተሩ አጭር ጸሎት አድርጎ ይዘጋል። እኔ የረቡዕን ነገር ለእግዚአብሔር ነገርኩት። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል እንኳ በሹክሹክታ ነው የነገርኩት።

ዝናቡ አባራ። ሴቶቹ ጨረሱ፤ ወጣቶቹ ጨረሱ። አንድ ድምፅ ግን ቀረ።

«...ገና ከበሩ ሲገቡ ነው ያወቅኩት» ይላል ድምፁ። «ለምን እንደመጡ ጌታ ሆይ አውቄያለሁ። እኔም ለእናቷ እንደዚያ ነው የላክሁት። አፋቸውን ሳይከፍቱ ሥራ አስያዝኳቸው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ግመል አወራሁባቸው።»

ሳቩንጋ ነው። ዓይኖቹን አጥብቆ ጨፍኗል፤ እጆቹ ተዘርግተዋል። እኛ ማቆማችንን አላወቀም። ፓስተሩ አፉን ከፈተና ዘጋው፤ ሰው ከአምላኩ ጋር ሲነጋገር ማቋረጥ ነውር ነው።

«እሷ ከሌለች ቦርዱ አይልከኝም ብዬ ፈራሁ። እሷ ከሌለች እኔም የምችል አይመስለኝም። በአንተ ስም ወሰድኳት እንጂ ለራሴ ነው። ልጁ መጥፎ ልጅ አይደለም። ሹፌር ነው። ሁለት ዓመት ወንበር እንደሚይዝላት አውቃለሁ። ልጠይቃት አፍ የለኝም፤ ከጠየቅኋት እውነቱን ትነግረኛለች። አንተ ንገራት። ትቅር በላት። አልቀየማትም። ብቀየምም... እዚያ በረሃው ላይ ይወጣልኛል። አሜን።»

ያ «አሜን» ብቻውን ወጥቶ ግቢው መሐል ቆመ። አሜን ሲባል መቶ ሰው ተቀብሎ አሜን ማለት ነበረበት። ማንም አላለም። እኔ ዓይኔን ገልጬ ነበር። ጸልየን ጨርሰን ሳለን ሁሉም ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ሬማ ብቻ፣ እጁ ገመዱ ላይ እንዳለ፣ ዙአሊን ያያል፤ ዙአሊም ቀና ብላ እሱን ታያለች። ቢአካ የእኔን ክንድ ጨብጧል፤ መቼ እንደያዘኝ አላወቅሁም።

ሳቩንጋ ዓይኑን ገለጠ። ዝምታውን ሰማ። ፊቱ ላይ የነበረው ትልቅ ሳቅ የት እንደሄደ እንጃ፤ ከሥሩ አንድ የሚፈራ የደን ጠባቂ ቆሟል። ሚስቱን አየ። ፒ ኩንጊ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

«አሜን» አለች ዙአሊ፣ የሰካችውን የገመድ ጫፍ ከቀለበቱ እየሳበች።